ትኬት ቆራጩ

ሠላሳ ስምንት ዓመት በኡዎዙ ጣቢያ
መግቢያው በር ላይ ነው ሺገዞ የኖረው፤
ጠዋት ለተማሪ፣ ማታ ለዓሣ ነጋዴ
ትኬት ሲቆርጥ ነው ጣቱ የደደረው።
ኋላ ማሽን መጣ፤ መቁረጫውን ነጥቆ
በጡረታ ደብዳቤ ቤቱ አስቀመጠው።
በሦስተኛው ክረምት ኪኑዬ ስትሞት
የቀረውን ነገር፣ ተስፋውን፣ ቆረጠው።

ቁም ሳጥኗን ሲያራግፍ፣ ከብርድ ልብሷ መሃል፣
በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አገኘ፤
ሲፈታው ወጋው።
መዳፍ የሚያህል ብረት፣ መርፌ የበቀለበት፣
ስሙም የሰይፍ ተራራ፣
አበባ የሚቆምበት።
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ይዛው ትወጣ ነበር።
የት እንደምትሄድ ጠይቋት አያውቅም፣
እራት ካልዘገየ በቀር።

የሂሳኖ ክፍል ከቶፉ ሻጩ በላይ ነው፤
ደረጃው የተቀቀለ አኩሪ አተር ይሸታል።
አሮጊቷ ብረቱን ወደ መስኮቱ አዞረችው።
«በዚህ ጥግ ያሉት መርፌዎች ተጣመዋል፤
ወፍራም እንጨት ነበር የምትወደው፣
ብነግራት ብነግራት አልሰማ አለች»
ብላ በቀጭን የነሐስ ቱቦ
አንድ በአንድ ታቀናቸው ጀመር።
ሦስቱን ግን ተወቻቸው።

ከዚያ ባልዲ ሙሉ ውሃ ቀረበለት።
«ግንዱንም መቀሱንም አጥልቀህ፣ ውሃ ውስጥ ቁረጥ፤
አየር ላይ ከቆረጥከው ነፋስ ይውጥና
ጉሮሮው ይዘጋል፣ ቢጠማውም አይጠጣም።»
ቁረጥ ሲባል እጁ ማንንም አልጠበቀም፤
ጠቅ!
የማለዳው ባቡር የመጣ መስሎት
ቀና አለ።
«እዚህ የሚቸኩል መንገደኛ የለም» አለችው።
«አበባን ቀጥ አድርገህ፣ እንጨትን በሰያፍ፤
ውሃ የሚነካ ቅጠል አታስቀር፣ ይበሰብሳል።»

ልኩም እንዲህ ነው፤ የሳህኑን ወርድና ቁመት ደምረህ
ግማሹን ጨምርበት፤ ረጅሙ እሱ ነው፣ ሰማይ ይባላል።
ከሰማይ ሩቡን ስትቀንስ ሰው፣
ከሰው ሩቡን ስትቀንስ ምድር።
ሺገዞ ሦስቱንም እንደ ጣቢያ ምሰሶ ገተራቸው።
ሂሳኖ ሳቀች፤ የፊት ጥርስ የላትም።
«ሰማይ እንኳ ትንሽ ያዘነብላል። ሰው ደግሞ ግማሽ መንገድ።
ምድር? ልትተኛ ምን ቀራት!»

የአኻያ ዘንግ በመዳፉ እያሞቀ
ማጉበጥ ተማረ፤ ጥቂት፣ ደግሞ ጥቂት፣
እንጨቱ ራሱ ልታጠፍ እስኪል ድረስ።
ሁለት ሰበረ። ሦስተኛው እሺ አለው።

በሙት ዓመቷ ዋዜማ ከጣቢያው ጀርባ
በረዶ የተጫነውን ካሜሊያ ይዞ መጣ፤
አምስት አበባ በአንድ ዘንግ።
«በዛ» አለች።
«የቱ ይውጣ?»
«ትኬት ቆራጭ አልነበርክም?
ማን እንደሚሳፈር አንተ ታውቃለህ እንጂ
እኔ ምን አውቃለሁ።»

ብዙ ቆመ። ውጭ በረዶ ከጣሪያ ተንሸራተተ።
ከዚያ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣
አራተኛው ላይ እጁ ተንቀጠቀጠ፣
ጠቅ።
አንዱ ቀረ፤ በዙሪያውም ባዶ ቦታ፣
አበባውን የሚያህል፣ ከአበባውም የሚበልጥ።
«አሁን» አለች ሂሳኖ «ቆራጥ ሆንክ።»

ቤቱ ወስዶ ወፍራሙን ዘንግ እንደገና
በሦስቱ ጠማማ መርፌዎች ላይ ተከለው።
እንዲህ ያለ አበባ ፊትና ጀርባ አለው፤
ፊቱን ወደ እሷ መከዳ አዞረና
እሱ ከጀርባው ተቀመጠ፣
የመቀሱ ጠባሳ ሁሉ በሚታይበት በኩል።
«ኪኑዬ፣ ሐሙስ ማታ የት ነበርሽ?» አለ።

ሩዙ አልተጣደም፣ ምድጃው አልተለኮሰም።
እራት ዘገየ።