ባለ ጉሬዛው

ቆርቆሮው ሲነሣ ከእናቴ አሮጌ ቤት፣
አንድ ጠርሙስ ወጣ ላምባ የኖረበት።
አንገቱን ጨርቅ አንቆት፣ ሆዱን ጥላት ወርሶት፣
ማን እንደነበረ ራሱም ረስቶት።

በአመድ ፈተግኩት፣ በጥፍሬ ፋቅኩት፣
ከጥላሸቱ ስር ቀስ ብዬ ጠራሁት።
መጀመሪያ ጅራት፣ ነጭ፣ እንደ ጭራ፣
ቀጥሎ ነጭ ካባ ትከሻው ላይ የሚያበራ፣
ከስሩ ፊደሉ፣ ግማሹ ተበልቶ፦
«ባለ ጉሬዛ አረ… ጅማ… ስታማቶ…»

እናቴ ነበረች የዚህ ዓርማ ለጣፊ፣
ሙጫዋ የቡላ፣ ሽርጧ ሰፊ።
ግራኝ ስለነበረች፣ በእጇ ያለፈው ሁሉ
ዘመም ይል ነበረ፣ ጉሬዛው ከነአመሉ።
ጠጪው ያንን አይቶ «ይሄም ጠጥቷል» ይላል፤
ቀጥ ብሎ የቆመ ጉሬዛ ማን ያምናል?

ስሙን ላስመዘግብ ወረፋ ቆምኩኝ፣
«ባለቤቱ ማነው?» ጸሐፊዋ አለችኝ።
«ሙሴ ስታማቶስ።»
«የት ናቸው?»
«አላውቅም። በስልሳ ሰባት
መዝገብና ቁልፍ አስረክቦ ወጣ፣
አንድ ሻንጣ ይዞ፣ በአውቶቡስ፣ ሳይቆጣ።»
«ከዚያስ?»
«የመንግሥት ሆነ። ጠርሙስ አለቀና
መጋዘን አደረጉት፣ ሞሉት ጀንፈል ቡና።»
«ከዚያስ?»
«ወፍጮ ቤት ነበር። ወፍጮው ተሰበረ።
ከዚያ ሣር በቀለ። ከዚያ… ሰውም ቀረ።»
ማኅተሙን «እፍ» ብላ መታችው ወረቀት፦
«የማንም ካልሆነ ያመልካቹ ይሁን።»
ይኸው ሆንኩ ባለቤት።

ስም እጄ ገባ። ጣዕሙ ግን የታለ?
መዝገብ ላይ አይገኝም፣ ምላስ ላይ ከሌለ።
ቆጪ ሰፈር ሄጄ ሻንቆን አገኘሁት፣
አሥራ ሁለት ዓመት ጠባቂ የድስቱን እሳት።
«ጌታን ከተቀበልኩ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ፣
አልቀምስም፣ ልጄ፤» አለ፣ «አትፈትነኝ።»
ቆየት ብሎ፣ ጢሙን አሻሸና፦
«ማሽተት ኃጢአት ነው ግን አላሉኝም ገና።»

ኬሚስትሪ የተማረች ረድኤት ትለካለች፣
በመስታወት ቱቦ ዲግሪ ታያለች፤
እኔ እንስላል አጥባለሁ፣ ኮረሪማ እፈለፍላለሁ።
አባ ፊጣ ከጌራ በበቅሎ ማር ሲያመጣ
ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ብቻ ሲወጣ
«እኔ የሸጥኩልህ ማር ነው» አለኝ፣ «ማር።
ሌላው ያንተና የአምላክህ ነገር።»

የመጀመሪያውን ሻንቆ አሸተተ። «አይደለም።»
አራተኛውን። ሳቀ። «ይሄ ሳሙና ነው።»
ሰባተኛው ላይ፣ «ቀረበ… ኧረ፣ ሄደ።»
አሥራ አንደኛው ላይ ዝም አለ፣ ጠርሙሱን አቅፎ፣
አፍንጫው የጠርሙሱ አፍ ላይ አርፎ።

«እውነቱን ልንገርህ?
ሙሴ ራሱ እኮ በየዓመቱ ይለውጠው ነበር።
ስኳር ከወንጂ ሲዘገይ፣ ማር፤
እንስላል ሲጠፋ፣ ኮረሪማ።
አንዴም የመዳቡ ቧንቧ ተሰንጥቆ በጭቃ መረግነው፤
ያን ዓመት ጭቃ ጭቃ አለ። ሰው ወደደው።
መርካቶ የሚሰየሙት ጠጪዎች ግን
በየክረምቱ አንድ ቃል ነበራቸው፦
‹ኧረ ድሮ ቀረ! የዘንድሮው ውሃ ነው።›
ታዲያ አንተ፣ ልጄ፣
የትኛውን ድሮ ነው የምትፈልገው?»

ረድኤት ደብተሯን ዘጋች።
ዝናብ ነበር። አዌቱ ሞልቶ ይጮሃል።
አሥራ አንደኛውን በጠርሙስ ሞላሁት፣
ወረቀቱን በቡላ፣ በግራ እጄ ለጠፍኩት።
ዘመመ።

የሞላውን ብሰጠው ራሱን ነቀነቀ፣
ካጠገቡ የቆመውን ባዶውን አነቀ፦
«ይሄ ይበቃኛል፣ ለላምባ ይሆነኛል፤
እኛ ሰፈር መብራት ዛሬም ይጠፋል።»

ጉሬዛውን በብብቱ ወሽቆ
የአዌቱን ድልድይ ተሻገረ ሻንቆ።