ለሌሊት ተረኛ

ና ቁም ከአጠገቤ፣ የኔሰው፣ ቁልፉን ሳልሰጥህ፣
ከዚህ ብረት ሆድ ጋር አንድ ጊዜ ላስተዋውቅህ።
ኅዳር ነው፤ የጠባሴ ሜዳ በውርጭ ነጥቷል፣
የባልዲው ውሃ አፉ ላይ መስታወት ሠርቷል።
ሦስት ሰዓት ሲሆን ከቢሾፍቱ መኪናው ይደርሳል፣
ሁለት ሺህ ጫጩት በካርቶን ያወርዳል፤
ዕድሜው አንድ ቀን ነው፣ የእናት ክንፍ የማያውቅ፣ ላባ የሌለው፤
ሙቀት ማለት ለእሱ አንተ የምትለኩሰው።

መጀመሪያ መስኮት። «ይበርዳል» አትበለኝ።
የላዩንም የታቹንም ክፈት፤ ይሰማኝ
የጣርማበር ነፋስ ገብቶ ሲወጣ።
ከዚያ ጎንበስ በል፤ ሽታ ከወለል ነው የሚመጣ፤
ጋዝ ዱካ አያሰማም፣ መሬት ለመሬት ነው አመሉ፣
እንደ ውሃ ይተኛል ከጥግ ከስንጥቁ ሁሉ።
የበሰበሰ እንቁላል፣ የሽንኩርት ግማት
አፍንጫህን ካለው፣ አትንካ መብራት፣
ስልክም፣ ክብሪትም። የሲሊንደሩን አንገት
ወደ ቀኝ ጠምዝዘህ፣ በሩን ብርግድ አድርገህ ውጣ፤
ደጅ ቆመህ ኮከብ ቁጠር፣ ሽታው እስኪወጣ።

ካልሸተተህም አትመን፤ በዚህ አገር አፍንጫ
ከጥቅምት እስከ ጥር ነው የጉንፋን መቀመጫ።
የሳሙና አረፋ ቀባው ጎማውን ከጫፉ፤
እንደ ጥንስስ ከፈላ፣ እያፈሰ ነው ከአፉ፤
ዝጋው፤ ከቤቱ ራቅ ብለህ ደውልልኝ፣ እነቃለሁ።
ሚስቴ ታጉረመርማለች፤ እኔ ግን እመጣለሁ።

አሁን ይኸን ተጫን በአውራ ጣት፣ ጠበቅ አድርገህ፤
ያኛውን ቀጭ። አየሃት፣ ሰማያዊዋ ስትወጣልህ?
እንዳትለቅ። ጋሽ አጥናፍሰገድ ሴኮንድ አይቆጥርም፤
አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ ሳይጨርስ አይለቅም፤
«አሜን» ሲል ጣቱን ያነሣል፣ እሷም ትቆማለች።
በእኔ እጅ ግን፣ በችኮላዬ፣ ስንት ጊዜ ጠፍታለች!
ከጠፋች አምስት ደቂቃ ቁጭ በል፤ የተረፈው ይውጣ።
ወዲያው የለኮሰ ሰው ምን እንደሚያጣ
ይኸው እይ፤ ግራ ቅንድቤ እስካሁን አልመጣ።

ቀጥሎ ጭስ ማውጫው። ጧፍ ለኩስና እፍ በልባት፣
ጭሷን ከኮፍያው ሥር አስጠጋት።
ወደ ላይ ከሳባት፣ ቧንቧው ይተነፍሳል።
ፊትህ ላይ ከመለሳት፣ አጥፋው፤ ታፍኗል።

ይህን ስነግርህ ከመጽሐፍ አይደለም።
አምና በነሐሴ፣ ጉም ቆርቆሮውን ሲልስ፣ እዚህ ነበርኩ ብቻዬን፤
ሰማያዊው ቢጫ ሆነ፣ ጥላሸት ቀባ መስታወቱን።
ሽታ የለውም ይሄኛው። እንቅልፍ ይመስላል ሲገባ፤
የሞቀ ጋቢ ይመስላል፣ ጉልበትን ያደርጋል ገለባ።
ያነቃኝ ጩኸት አልነበረም፤ ያነቃኝ ዝምታ ነው፣
ሁለት ሺህ ጉሮሮ ባንዴ ጸጥ ያለው።
በዳዴ ወጣሁ።

ጠዋት ጋሽ አጥናፍሰገድ መሰላል አቁሞ ጣራው ላይ ወጣ፤
ከቧንቧው አፍ እጁን ሰዶ ጎጆ ይዞ መጣ፤
ጭድ፣ የማዳበሪያ ክር፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው የበነነ ሱፍ፣
ቀይ ከአረንጓዴ፣ ተጎንጉኖ እንደ ጥልፍ፤
መሀሉ ላይ ሦስት እንቁላል። አንደኛው ገና ሙቅ።
በእጁ ይዞት ቆመ፣ ሳይናገር፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ድርቅ።
ከታች እኔ በአካፋ ሦስት መቶ ሰባት ጫጩት እቀብር ነበር።
ማንን እንደምረግም ቸገረኝ፤
እሷም የመጣችው ለሙቀት ነበር።

ወንፊት ሽቦ አሰረበት፤ ከጡረታው በፊት የመጨረሻ ሥራው ነው፤
በየቅዳሜው ውጣና እይልኝ፣ ዝገት እንዳይበላው።

እንግዲህ ቁልፉ ይኸው። መስኮቷን ጣት ታህል ተዋት፤
እሳትም ነፍስ አላት፣ አየር አትንፈጋት።
መብራት ከአስፋልቱ ታጠፈ፤ መኪናው ነው መሰለኝ።
አንድ ነገር ብቻ፣ ስማኝ፤
ጫጩት ሲበርደው ይደራረባል፣ ሲሞቀው ይበተናል፣
ሲስማማው እየተንጫጫ ይበላል።
ከተንጫጫ ልብህን አሳርፍ።
ዝም ካለ ግን ምክንያቱን አትፈልግ፤
ዝም ካለ —
በሩን።