ግማሽ ክኒን

ሳህኑን ገልብጣ፣ ምላጯን አንስታ፣
ክኒኑን ከፈለች ኦርቴንሲያ በእርጋታ።
ኤውሴቢዮ ያያል፤ ስንት ጋሻ አገዳ
በቆንጨራው ጥሎ በቺናንዴጋ ሜዳ፣
ዛሬ ግማሽ ፍሬ በመዳፉ ይዞ፣
ውሃው አንድ ጉንጭ ብቻ፣ እሱም በሐኪም ታዝዞ።

«ሙሉውን ብውጠው አልድንም ወይ ቶሎ?»
«መግባቱስ ይገባል፣ ከደምህ ተቀላቅሎ፤
መውጫው ነው የጠፋው። ኩላሊትህ ደክሞ
የትናንቱ አልወጣም፤ ደጅ ላይ አለ ቆሞ።»

እንግዳ ወርቅ ነው ለመጣበት ዕለት፣
በማግሥቱ ብር፣ ሲሰነብት ብረት፤
መድኃኒትም እንደዚያው።

ቀሪዋን ግማሽ በክብሪት ቀፎ ከታ
አኖረች፣ ለነገ ወዲያ ማታ።

ሞረድ ሲያፏጭ ይሰማል ከጓሮ፤
ልጁ ነው። የአባቱን ቆንጨራ ይስላል፣
ተቀጥሯል ዘንድሮ።