ሙከራ ነው

እሁድ ማታ ኤክስካቫተር ለኮሪደሩ መንገድ ሲያርስ፣
በአንድ ጥርሱ ነክሶ ጎተተው፣ የሰፈሩ ጅማት እስኪበጠስ።
ሹፌሩ አላወቀም፤ «ሥር መስሎኝ ነው» አለ፤
ብርቱካናማ ሥር የት አገር በቀለ?

ጨለመ አይባልም፤ አምፖሉ በርቷል፤
ደካ አዲ ግን በሙሉ ወደ ደጅ ወጥቷል፤
ኳሱ ቅጣት ምቱ ላይ ድርቅ ያለበት ጎረምሳ፣
የራውተሩን ጀርባ ይደበድባል፣ የሞተ ሊያስነሣ፤
ድራማዋ በጥፊው መሐል የተቋረጠባት ጎረቤት፣
«መታችው ወይስ አልመታችውም?» እያለች ከቤት ቤት።

እኔ ጉድጓድ ውስጥ ነኝ፤ የአዳማ ነፋስ ከላዬ።
ያ ኮረብታው ላይ ሦስት ክንፍ አሽከርካሪ፣ መብራት ሰጪ የሚባለው፣
እኔ ዘንድ ሲደርስ ሌላ ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ መስታወቴን
ነጥቆ አቧራ የሚያለብሰው።
ጃንጥላ ደፍቼ፣ ሸራ ወጥሬ፣
በባትሪ እንደ ሌባ አጎንብሼ፣ ትንፋሼን ቆጥሬ፣
ልጣጩን ገፍፌ፣ በአልኮል አጥቤ፣ ቆርጬ፣
ሰማያዊ ከሰማያዊ፣ ቡናማ ከቡናማ፣ ጫፍ ለጫፍ አፋጥጬ፣
በእሳት ብልጭታ ሳጋባቸው
እንደ ቄስ ዝም ብዬ ተቀምጬ።

የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ነኝ።
«ክር ሲበጠስ አትርገም» ይለኝ ነበር አባቴ፤
የሱ ክር ጥጥ ነበር። ይኼ መስታወት ነው፣
ጣት ውስጥ ገብቶ ይሰበራል፤ እረግማለሁ በአንደበቴ።

አርባ ስምንት ክር። አንዱ ክር ከሣጥኑ ተከፍሎ
ሠላሳ ሁለት ቤት ይገባል።
ሊነጋጋ ሲል ጨረስኩ።
ኢንተርኔቱን መሣሪያዬ ይነግረኛል፣
ቴሌቪዥኑን የጎረቤቷ እልልታ (መታችው ለካ!)፣
የቤት ስልኩን ግን ደውሎ ማረጋገጥ የግድ ይላል።

የቤት ስልክ ዛሬ ማን ይደውላል?
ጥቅሉን ሲገዙ የሚጨመር ነው፣ እንደ ምራቂ፤
ዳንቴል ለብሶ ጥግ የሚቀመጥ፣ የሌለው ጠያቂ።

ከምሞክራቸው ቁጥሮች አንዱ የኦቦ ዋቅወያ ነው፣
የወንጂ ስኳር ጡረተኛ።
ያስገባችላቸው ልጃቸው ናት፤ ከጅማ በየወሩ ትከፍላለች።
ዋይፋዩ ለልጅ ልጃቸው ደረሰ፣
ቴሌቪዥኑ ለሠራተኛዋ፣
ለእሳቸው ስልኩ።
ልጅቷም ስትደውል በልጁ ሞባይል ነው፣ በቪዲዮ፤
ከጅማ የሚታየው ግንባራቸው ብቻ ነው።

አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ፣ «አቤት!» አሉ።
«ከቴክኒክ ክፍል ነው ኦቦ ዋቅወያ፣
ሙከራ ነው።»
ዝም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።
«በል ሞክረኝ ታዲያ።»

«ይሰማል?»
«ይሰማል። እኔስ እሰማለሁ?»
ላልቶ ይሁን ጠብቆ አልለየሁትም፤
የላላው ጥያቄ የጆሮ ነው፣
የጠበቀው ጥያቄ ሌላ ነው፣ መሣሪያዬ አይለካውም።
«አዎ» አልኩ፣ ለሁለቱም።

«ወዳንተ ነፋስ አለ?»
«አለ።»
«ወደኔም አለ።»
ከጉድጓዴ እስከ በራቸው መቶ እርምጃ አይሞላም።
ከዚያ ስለ አገዳ ነገሩኝ፣ ሲቃጠል አመዱ
እንደ ጥቁር ላባ የሰው ልብስ ላይ ስለሚያርፈው፣
አንድ ጊዜም ነጭ ሸሚዝ ገዝተው ስለተጸጸቱት።

ቅጹ ላይ ሞላሁ፦ መስመር ደህና፣ ድምፅ ደህና፣
የፈጀው ጊዜ አሥራ አራት ደቂቃ።
የተፈቀደው ግማሽ ነው፤ የግማሽም ግማሽ።
ይጠይቀኝ አለቃ።

ዛሬ ሐሙስ። ኤክስካቫተሩ ወደ ጎሮ ሄዷል፣
ምንም የተቆረጠ የለም።
መኪናው ጥላ ውስጥ ምሳዬን በልቼ፣
ጣቴን በሱሪዬ ጠርጌ፣ ቁጥሩን መታሁት።
አንዴ ጠራ።
ሁለቴ ጠራ።
ሦስቴ፤ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።
አራቴ።

«አቤት፣ አቤት! ፊቴን እየተላጨሁ ነው» አሉ እያለከለኩ፣
«ዛሬስ ምን ተበጠሰ?»

ዙሪያዬን አየሁ። ጥቅልል ኬብል፣ ጃንጥላ፣
አቧራ ለብሶ የቆመ ባጃጅ።

«ነፋስ አለ» አልኳቸው።