ቀሪ

ከጠዋቱ ሁለት ደወሉን ደውዬ፣
ከክፍል ወደ ክፍል መዝገቤን አዝዬ፣
ስም እየጠራሁኝ «አለሁ» ሲሉ ልጆች
አሰምራለሁ በእርሳስ ቀጫጭን ጭረቶች።
መንግሥት ገንዘብ ሲልክ በመጣ ልጅ ልክ ነው፤
ዝናብ ያስቀረውን፣ ሳል የጣለውን ተው።
ቫልፓራይሶ ላይ ሐምሌ ሲገባማ
ከምጠራው ስም ይልቅ ባሕሩ ነው ሚሰማ።

«ኤላዲዮ ካዩፓን!»
ዝም።
«ኤላዲዮ!»
«ተሻግሯል» አለኝ አንዱ፣ እርሳሱን እየቀረጸ።

መንገዱን ማለቱ ነው። ከኛ ፊት ለፊት
ቀለሙ ያልደረቀ ሰማያዊ ቤት፤
«ግሪንዊች ኮሌጅ» ይላል ሰሌዳው በወርቅ፣
እንግሊዝ አገርን ባለቤቱም አያውቅ።
ጣውላ ነበር የሚሸጥ ዶን ፋውስቲኖ ድሮ፤
አሁን በር ላይ ይቆማል ክራባቱን አስሮ።
ለሱም መንግሥት ይከፍላል እንደኛው በነፍስ ወከፍ፤
ልጅ ሲሻገር ገንዘብ ይሄዳል ተከትሎ፣
እንደ ሻንጣ ማሰሪያ ከኋላ ተንጠልጥሎ።

ሮሳውራ፣ እናቱ፣ ዓርብ ዕለት መጣች፣
ከወደብ፣ እጇን በሽርጥ እያደረቀች።
የዓሣው ቅርፊት ክንዷ ላይ ብር መስሎ በርቷል።
«መሸኛውን ስጡኝ፤ ልጁ እዚያ ተመዝግቧል።
አይቀየሙኝ ዶን አውሬሊዮ። አባቱ እዚህ ተምሮ
የሰው ጀልባ ይቀባል ያው እስከ ዘንድሮ፤
እኔም እዚህ ተምሬ ቢላዋ ነው የያዝኩ።
ከዳቦው ከዘይቱ ግብር ስከፍል ኖርኩ፤
የልጄ ድርሻ የት እንደሚውል
እኔ ብመርጥ ማን ይጎዳል?»

ማን ይጎዳል አለች።

አፌ ላይ ነበረ የሠላሳ ዓመት መልስ፦
ሦስት ልጅ ቢጎድል ክፍሉ አይጠብ፣ ጣሪያው አይቀንስ፤
ምድጃው ያንኑ ጋዝ ይጠጣል፤
የመምህርት ኤዱቪናም ደመወዝ ያው ይቆጠራል።
ከጋራ ጉድጓድ ሁሉም ድርሻዬን ብሎ ቢቀዳ
ገመዱ ያጠረው ነው የሚከፍለው ዕዳ።

ደግሞ ያስናን ልንገራት አልኩ። ያስና፣ ከእናቷ ጋር፣
ባለፈው ታኅሣሥ ተሰልፋ ነበር በዚያው በር።
«አንብቢ» አሏት። «ባ… ባ…» ስትል
ሰዓታቸውን አዩ። እናቷን ደግሞ በለሆሳስ
የጋብቻ ወረቀት አለሽ ወይ አሏት።
በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፣ ፊደሉ ያማረ፣
«ቦታ ሞልቷል» የሚል፣ በደግ ቃል የታጠረ።
እናት ትመርጣለች ይባላል።
በሩም ይመርጣል፤
እሱ አልተባለም እንጂ።

ይህን ሁሉ ልላት ነበር። ግን ማቲልዴ፣
የልጄ ልጅ፣ ስምንት ዓመቷ፣
ጠዋት ጠዋት ያንኑ ቀይ ክራባት
የማስርላት እኔ ነኝ፣ በነዚህ እጆቼ።
ቋጠሮው ይጠምብኛል፤ ትስቅብኛለች፤
ከመንገዱ መሃል እጄን ትለቅና
እሷ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ።

ማኅተሙን አሟሸሁ፤ መታሁ፤ ሰጠኋት።
ሮሳውራ ወረቀቱን በጡቷ ሸጎጠች፤
የዓሣው ሽታ እስከ ምሳ ድረስ
ቢሮዬ ውስጥ ቆየ።

በስድስት ሰዓት ስልክ ጮኸ፣ ከማዘጋጃ ቤት።
«ስንት ቀሪ አላችሁ?»
እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ።
በመዝገቡ ቋንቋ ቀሪ ያልመጣ ነው፤
በኛ ግቢ ግን ቀሪ መሄጃ ያጣ ነው።
«ሠላሳ አንድ» አልኩት።
«እነሱማ የመጡት ናቸው፣ ሽማግሌው! ቀሪ ነው ያልኩህ!»
«እኔም ቀሪ ነው ያልኩት።»

ስልኩን ዘጋብኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
አራተኛው ክፍል፣ ጣሪያው ከሚያፈስበት ስር፣
ያስና ባልዲ አስጠጋች፣
ማንም ሳያዛት።