ሃያ ስምንት ቀን

ሻርጃ ላይ በነሐሴ፣ ኮንክሪት በቀን አይሞላም፤
ፀሐይ ታስቸኩለዋለች፣ የቸኮለ ደግሞ አይጠናም።
ሌሊቱ እስኪጋመስ፣ ነፋስ እስኪመጣ ከባሕር፣
በረዶ እንጨምራለን፣ ሲሚንቶውን እንደ ምክር።

ከየመኪናው ናሙና፣ በብረት ሣጥን እንቀዳለን፤
ቁጥር ጽፈን፣ ቀን ጽፈን፣ ውሃ ውስጥ እናስተኛለን።
በሰባተኛው ቀን አንዱ፣ በሃያ ስምንተኛው ሌላው
ወደ ማሽኑ ጥርስ ይገባል፤ ኢቅባል ነው የሚጨፈልቀው።
ኢቅባል የፔሻዋር ልጅ ነው፣ የማንንም ፊት አያይም፤
ድንጋዩ እስኪሰነጠቅ፣ «ጥሩ ነው» ብሎ አያውቅም።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠራሁ።
የፈረምኩበት ግንብ አንድም አላሳፈረኝም።

እኔው ነኝ እንግዲህ ያ ሰው፣
በጠራራ ፀሐይ፣ ሮላ አጠገብ ሻይ ቤት፣
ከሽመክት ፊት ተቀምጬ
ዘጠና ሺህ ድርሃም የፈረምኩት።
የዓሣ እርባታ ነው። ፎቶው አለ፣ ማኅተሙ አለ።
«ዕድሉ እስከ ማታ ነው» አለኝ፤
እኔ እስከ ማታም አልቆየሁ።

ሞኝ ብሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሞኝ ይፈራል፣ ይጠይቃል፤
አዋቂ ግን አንዴ ከወደደ፣ ማስረጃ ፈልጎ ያመጣል።
ሽመክት ሦስት ምክንያት ሰጠኝ፣ አራቱን እኔ ጨመርኩለት፤
እሱ የጀመረውን ውሸት፣ በስሌት እኔ ጨረስኩለት።
ዳኛ ነው ያልኩት ጭንቅላቴ፣ የምኞቴ ጠበቃ ኖሯል፤
ክሱ ገና ሳይሰማ፣ መከላከያውን ጽፏል።
«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ብለው ሲተርቱ አበው፣
ስለ ዳቦ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስለ ማስረጃም ነው።

እህቴ ዘነቡ አጅማን፣ ሰው ቤት ነው የምትሠራ።
በእረፍቷ ዓርብ መጣች፤ ዘረጋሁላት ወረቀት፣ ቁጥር በተራ በተራ።
«ቢከስርስ?» አለች ቀስ ብላ፣ ነጠላ ጫማዋን ሳታወልቅ።
ሳቅሁ። ትርፍ፣ ድርሻ፣ መቶኛ እያልኩ፣
ያቺን አንዲት ቃሏን በአርባ ቃል ከደንኩ።
ጥያቄዋ ልክ ነበር። እሷ ግን ዲግሪዬን አመነች፤
የአራት ዓመት ቁጠባዋን ከገንዘቤ ጋር አኖረች።

የማያስተኛኝ ይኸው ነው።
የእኔ ዘጠና ሺህ አይደለም፤
የእሷ ሃያ ሁለት ሺህ፣ በእኔ አንደበት የተወሰደው።
ቃል ያጠረው ሲሳሳት፣ ብቻውን ነው የሚወድቀው፤
ተናጋሪ ሲሳሳት ግን፣ ያመነውን ይዞ ነው።

ኩሬው ደረቅ ጉድጓድ ነበር።
የሽመክት ስልክ አይጠራም።

አሁን ልማድ አለኝ። ጥበብ አልለውም።
አንድ ነገር እጅግ ሲያምረኝ፣
ለምን እንደፈለግሁት፣ ምን ባይ እንደምተወው
ቀኑን ጽፌ ማቀዝቀዣው በር ላይ እለጥፈዋለሁ።
እርቦኝ አልፈርምም። ሲያሞግሱኝም አልፈርምም።
«ዛሬ ብቻ» ያለኝን ሰው፣ ነገ ስልኩን አላነሳም።
ከዚያ ለኢቅባል እሰጠዋለሁ፣ «ጨፍልቀው» ብዬ።
አንዳንዴ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ለዘነቡ በየወሩ አምስት መቶ እመልሳለሁ።
ተቀብላ ስለ ጤናዬ ትጠይቃለች፤
ያንን ግን አንስታው አታውቅም።
ብታነሳው በወደድኩ።

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወዳጅ፣ ኡም አል ቁዌን ያለ ጋራዥ
በርካሽ ይሸጣል አለኝ።
ሌሊቱን ሙሉ አሰላሁ፤ አምስት ጥሩ ምክንያት አገኘሁ።
አምስት! ደነገጥኩ።
ተነስቼ በጨለማ ጻፍኩት፣ ለጠፍኩት።

ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።
ወተት ላወጣ በሩን ስከፍት፣ አሁንም ያምራል።
አሥራ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል።