ሰባ ስድስት ቀን

ከባሕር ጠለል በታች፣ በሮተርዳም ከተማ፣
ፓምፕ ሌት ተቀን ውኃ ጠብቶ ምድሩ በሚለማ፣
እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጠባቧ ሳሎን፣
በባልዲ አወጣሁት ባሕር የሚሉትን።

ሙያዬ ሊፍት ነው፤ የተሰቀለ አወርዳለሁ፣
የተቆለፈ እከፍታለሁ፤
የቤቴን ጥፋት ግን በገዛ እጄ አመጣሁ።

አንድ ቅዳሜ ነው፤ ከያፕ ሱቅ ገብቼ፣
ጅራተ ቢጫ ወይን ጠጅ ዓሣ አይቼ፣
"ለይቶ ማቆያ ይግባ" ቢለኝ፣ "ምን ሊሆን!" ብዬ፣
በላስቲክ ከረጢት ከነውኃው አዝዬ፣
በትራም አቅፌ ወሰድሁት፤
ሳልመረምር፣ ሳልጠይቅ ከሌሎቹ ጋር ለቀቅሁት።

በዘጠነኛው ቀን ክንፉ ላይ ጤፍ በቀለ።
ነጭ ጤፍ። አንድ፣ ሁለት፤ በማግሥቱ ማን ቆጥሮ የቱን ነጠለ!
ዓሣ አያስልም፤ ዓሣ አያቃስትም፤
ድንጋይ ላይ ጎኑን ያካል እንጂ "ሐኪም ጥሩ" አይልም።
አምስቱን ቀበርሁ፣ በመስኮቱ አበባ አፈር፤
በሾርባ ማንኪያ ነው የቆፈርሁት መቃብር።

የተረፈችው ብርቱካናማዋ ናት፣ ከነባሏ፣
ሦስት ነጭ መቀነት የታጠቀች በየወገቧ፤
የመታጠቢያ ቤት ሳፋ፣ መዳብ የገባበት፣
ለሁለቱ ዓለም ሆነ፤ እኔም ገላዬን ጎረቤት ታጠብሁት።

ገንዳው ግን ባዶውን ይጹም ተባለ።
"ዓሣ ያጣ ደዌ በረሀብ ይሞታል"፣ ያፕ ነው እንዲህ ያለ።
"ስንት ቀን?"
"ሰባ ስድስት።"
ሁዳዴ እንኳ ሃምሳ አምስት ነው፤ ይህ ያለ ቅበላ የገባሁበት!

በሠላሳ አንደኛው ሌሊት ማሞቂያው "በቃኝ" ማለት ረሳ።
ሠላሳ አራት ዲግሪ። ከሥራ ስገባ ሽታው ደረጃው ላይ ተቀበለኝ፣ የባሕር ሬሳ።
ሐምራዊው ኮራል አጥንት ሆነ፤
አረንጓዴው ከድንጋዩ ተገፎ እንደ አመድ በነነ።

ገና ሳልጠርግ፣ በአራተኛው ቀን፣
የተነነውን የምትተካዋ ተንሳፋፊ ቁልፍ ቀንድ አውጣ ሰፍሮባት ጎን ለጎን፣
ስትሞላ አደረች ከአፍ እስከ ገደፉ።
ወለሉ ጠጣ። ከወለሉ በታች ሰው አለ፣ ያውም በእንቅልፉ።

ወይዘሮ ቲነከ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣
በሌሊት ልብስ መጡ፣ ባትሪ በእጃቸው፤
ከፓምፕ ጣቢያ ጡረታ የወጡ፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት ለውኃ ሲሉ እንቅልፍ ያጡ።
ጣታቸው ላይ የጣሪያቸውን ጠብታ ቀመሱ።
"ጨው ነው" አሉ። ዝም አሉ። ደግሞ መለሱ፦
"ዕድሜዬን በሙሉ ባሕሩን ከደጅ ስዘጋ፣
አንተ ከላይ ሆነህ ታወርደዋለህ ከእኔ አልጋ?"

ይቅርታ ልል ስል ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ ጠፋኝ፤
መወልወያ ይዤ ቆምሁ፤ እሳቸው ግን አለፉኝ።
ተንበረከኩ፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማል፤
ቀንድ አውጣውን በሁለት ጣት አነሡ፦ "ወንጀለኛው ልጅ ነው፣ ይማራል።"
"አንድ ፓምፕ አይታመንም" አሉ፤ "አንድ ቁልፍም እንዲሁ፤
እኛ ዘንድ ሁለት ነበር፣ አንዱ ሲያንቀላፋ አንዱ ንቁ።"

ከዚያ ወዲያ በየማታው ወንበር ስበው፣
ቴሌቪዥን እንደሚያይ ሰው፣
ባዶ ገንዳ ያያሉ።
"ባዶ" ስል ይቆጣሉ፤
መስታወቱ ላይ የሚራወጡ፣ ከነጥብ ያነሱ ነፍሳት ይቆጥራሉ።

በስድሳ አራተኛው ቀን "ና" አሉኝ፤ አፍንጫቸው መስታወቱን ነክቷል።
አጥንት ካልሁት ቅርንጫፍ ጥግ፣ ምስር የሚያህል ሥጋ በቅሏል፤
አፍ አለው። ይከፈታል። ይዘጋል።
ሁለታችንም ድምፃችንን ቀነስን፣ የተኛ ሕፃን ያለ ይመስል።

በሰባ ስድስተኛው ቀን ባልና ሚስቱን መለስኋቸው።
ፓምፑ ኋላ ተደበቁ እስኪመሽ፤ ረስተውት ይሆን ቤታቸው?
ኋላ እሷ ወጣች፤ የድሮ ጥግዋን በክንፏ ጠረገች፣
አሸዋውን በአፏ ወደ ጎን ተፋች።

የወይዘሮ ቲነከ ጣሪያ ላይ ቡናማ እድፍ አለ።
ቀለም ቀቢ ልጥራ ብል፣ ልመናዬ ከንቱ ዋለ፤
የጎርፍን ልክ ግድግዳ ላይ እንደሚጽፉት፣
በመሰላል ወጥተው፣ በእርሳስ፣ ቀኑን ጻፉበት።

እኔ አሁን ሁለት ማሞቂያ አለኝ፣ ሁለት ቁልፍ፤
ቢሆንም ሌሊት እነቃለሁ፣ እጄን በውኃው ሳላጠልቅ አላልፍ።

ያፕ ትናንት ደወለ። ወይን ጠጅ ዓሣ መጥቷል አለኝ።
አልሄድሁም ገና።
ሳፋውንም አልደፋሁም፤ ከነመዳቡ አለ፣ እየጠበቀኝ።